ብሮና ለምዳዋለች

ስለ ሽታው ሳይነገር ይህ ታሪክ ቢጀመር ውሸት ይሆናል። ኢንሽሮን ደሴትን ዓይን ሳያያት አፍንጫ ያውቃታል። በሰኔ ነፋሱ ወደ መንደሩ የዞረ ቀን የኪልዳርግ ሴቶች ያሰጡትን ልብስ ተሯሩጠው ነው የሚያነሡት። ኮርሞራንት የሚባሉት ጥቁር ዓሣ በል ወፎች ከሰላጤው መሐል በተቀመጠችው በዚያች ቁራሽ መሬት ላይ ተጨናንቀው ይፈለፍላሉ። የበሉት ዓሣ፣ ያስመለሱት ዓሣ፣ ረግጠው የገደሉት የገዛ ጫጩታቸው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ እንደ ኖራ የተለሰነው ኩሳቸው... ኤዲያ! ባሕሩ በየቀኑ እየመጣ ዙሪያዋን ቢያጥባትም ጠብ አላለላትም።

ታዲያ በዚያ ቅዳሜ ወደዚያች ደሴት ከሚሻገሩት ሁሉ ንጹሕ የነበረችው ብሮና ናት። ከልጅነቷ ጀምሮ በመንደሩ ሸርጣን ቤት ቆማ የተቀቀለ ሸርጣን ስትፈለፍል የኖረችው ብሮና፣ ለዚህ ቀን ስትል ሳምንቱን ሙሉ ስትፈተግ ነው የሰነበተችው። ጸጉሯን በኮምጣጤ አጥባ፣ ጥፍሯን በብሩሽ ፈትጋ፣ ለእህቷ ሠርግ ያሰፋችውን ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳ የአባቷ ጀልባ የኋላ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ለፍቅረኛዋ ለአላስተር ነዋ! "ደሴቱ ላይ እነግራቸዋለሁ" ብሏታል። "እናቴ ፊት፣ ሁሉም ባሉበት። ከዚያ ወዲያ መደበቅ የለም" ብሎ ምሎላታል።

አባቷ ማላኪ የሞተሩን ክዳን ከፍቶ እያጉረመረመ ነበር። የአላስተር ቤተሰብ፣ የትልቁ ቤት ሰዎች፣ ጀልባቸው ተበላሽቶ ነው እሱን ለቀኑ የተከራዩት። ዓሣ አጥማጅ ነውና ኮርሞራንት የሚባል ፍጥረት በዓይኑ እንዲዞር አይፈልግም።

"አባዬ፣ ዛሬ አደራህን" አለች ብሮና ቀስ ብላ።

"ምን አልኩ?"

"ገና ምንም ሳትል ነው የምለምንህ።"

"ስለ ወፎቹ አትናገር ነው?"

"ስለ ወፎቹም፣ ስለ ትልቁ ቤትም።"

"እንግዲያው መርፌና ክር አምጪና አፌን ስፊው" አለና ክዳኑን ገጠመው። ከዚያ ወደ እሷ ዞሮ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ስሚ ልጄ፣ ልጁ ክፉ አይደለም። ክረምቱን ሳንባዬን አሞኝ ስተኛ ከሰል ተሸክሞ ሲገባ አይቼዋለሁ። ግን በጓሮ በር ነው የገባው። ሁለት ዓመት ሙሉ በጓሮ በር! ዛሬ እናቱ ፊት ስምሽን ካልጠራ..."

"አውቃለሁ።"

"ቃልሽን ሰጥተሽኛል።"

"ሰጥቼሃለሁ፤ ዛሬ ካልተናገረ በቃ ነው። ደግሜም አላገኘውም።" ይህንን ስትል ፈገግ ብላ ነበር፤ እንደሚናገር ቅንጣት ታህል አልተጠራጠረችም።

አላስተር ያልነገራት ነገር ቢኖር ስለ ልብሱ ነው። የትልቁ ቤት ሰዎች ወደ ወደቡ ሲወርዱ ብሮና ዓይኗን ማመን አቃታት። እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሲመጡ አንገታቸው ላይ ሦስት ዙር ሉል የሚያደርጉት የአላስተር እናት፣ ወይዘሮ ሆኖሪያ፣ የሟች ባላቸውን ሱሪ ለብሰው ወገባቸውን በሲባጎ አስረዋል። ለንደን ባንክ ቤት ውስጥ የሚሠራው የአላስተር የአጎት ልጅ ፒርስ ብብቱ የተቀደደ የዝናብ ካፖርት ደርቧል። አላስተርም ቢሆን ክርኑ የወጣ፣ ቀለሙ የማይታወቅ ሹራብ አጥልቋል። በዓመት አንድ ቀን፣ በምልክት ቀን፣ ቤተሰቡ ደሴቱ ላይ ወጥቶ የጫጩቶቹ እግር ላይ ቁጥር ያለው ብረት ያስራል፤ ጫጩት ደግሞ ሲያዝ የበላውን ሁሉ የያዘው ሰው ላይ ያስመልሳል። ስለዚህ የሚለበሰው ቢጣል የማያስቆጭ ጨርቅ ነው። እዚያ ቤት ያደገ ሁሉ ይህን ያውቃል፤ ብሮና ላታውቅ እንደምትችል ግን ለአላስተር አልታየውም።

"ወይኔ! ሙሽሪት መጥታለች እኮ!" አለ ፒርስ።

"የማላኪ ልጅ ነሽ አይደል?" አሉ ወይዘሮ ሆኖሪያ፣ ከእግር እስከ ራሷ እያዩ። "እንዴት ያለ ደስ የሚል ቀሚስ ነው! ምነው፣ ሰው አልነገረሽም? አላስተር፣ ይህችን ልጅ ለሥራ መጥራትህን ስትነግረኝ የምትለብሰውን ለእሷ መንገር አቃተህ?"

ለሥራ! ብሮና ወደ አላስተር አየች። አላስተር ቀላ ብሎ የጫማውን ክር ማሰር ጀመረ።

ያን ጊዜ የፋሲካ ሰሞኑ ነገር ትዝ አላት። አላስተር "ጓደኛዬ" ብሎ ለሻይ ትልቁ ቤት ወስዷት ነበር። ከሸርጣን ቤት ወጥታ፣ ታጥባ፣ ልብስ ቀይራ ነው የሄደችው። ገና እንደተቀመጠች ወይዘሮ ሆኖሪያ ተነሥተው፣ ሠራተኛም ሳይጠሩ፣ በገዛ እጃቸው የሳሎኑን መስኮት ሁሉ አንድ በአንድ ከፈቱ። ውጪው ቆፈን ነበር። "ትንሽ አየር ይግባ ብዬ ነው" አሉ ፈገግ ብለው። አላስተር ስትንቀጠቀጥ አይቶ ሮጦ የራሱን ሹራብ አመጣላት፤ ምስኪን፣ የበረዳት መስሎት። በዚያ ቀን እናትዬውን ጠልታ ልጅዬውን ይበልጥ ወድዳ ነው ወደ ቤቷ የተመለሰችው።

ጀልባው ሲነሣ አላስተር ከፊት ለፊት፣ ከእናቱ ትከሻ በላይ፣ ዓይኑን ጣለባት። ያ ዓይን! ይቅርታም፣ ልመናም፣ ናፍቆትም ነበረበት። ከንፈሩን ብቻ አንቀሳቅሶ "ዛሬ" አላት። የብሮና ልብ ቅቤ ሆነ፤ ስለ ቀሚሱም፣ ስለ ሥራውም፣ ሁሉንም ረሳችው።

ደሴቱ ላይ እግሯን ስታሳርፍ ሽታው ጉሮሮዋን አነቃት። ዓይኗ ተቃጠለ። መሬቱ ከላይ ጠንካራ መስሎ ሲረግጡት ይሰምጣል፤ ጫማዋ ስር እንቁላል ይሁን ጫጩት፣ አንድ ለስላሳ ነገር ጠጭ አለ። ዝንቡ ጆሮዋ ውስጥ ሊገባ ይታገላል። ጎጆዎቹ ከባሕር ሣርና ከጭራሮ የተሠሩ፣ በኩስ የተለሰኑ ጉብታዎች ናቸው፤ በየአንዳንዱ ላይ ላባ ያላወጡ፣ ጥቁር ቆዳቸው የሚያብረቀርቅ ጫጩቶች አንገታቸውን እያርገበገቡ ይጮሃሉ። ከጎጆዎቹ ሥር ሞተው የደረቁት ተጋድመዋል፤ ያልደረቁትም አሉ። ብሮና የሸርጣን አንጀት ስትጠርግ የኖረች ናት፤ እንዲህ ያለ ግን አይታ አታውቅም።

ማላኪ ጀልባው ውስጥ ቀረ። ና ውጣ ያለው ሰው የለም።

"ከረጢቱን እሷ ትያዝ" አሉ ወይዘሮ ሆኖሪያ። ከረጢቱ ጫጩቶቹ ያስመለሱት የሚጠራቀምበት ነው። የመንደሩ ሰው "ወፎቻችሁ ዓሣችንን ጨረሱት" እያለ አቤት ባለ ቁጥር፣ ትልቁ ቤት "ትውከታቸውን አስመርምረናል፤ የእናንተን ዓሣ አይነኩም" ብሎ አፉን የሚያስይዘው በዚህ ነው። እንግዲህ ብሮና ቁጭ ብላ፣ ቀሚሷን ሰብስባ፣ አባቷን የሚረቱበትን ትውከት በማንኪያ እየዛቀች ከረጢት ውስጥ ትከት ጀመር። ሞቅ ያለ ነበር። ግራጫ፣ የሚያዳልጥ፣ ግማሹ የቀለጠ ዓሣ፤ አንዳንዱ ዓይኑ ገና አልፈረሰም።

አላስተር ግን እዚያ ሌላ ሰው ነው። ጫጩቱን ሲይዝ የሚያሳየው ጥንቃቄ ያስቀናል። ክንፉን ገጥሞ፣ ጭንቅላቱን ክንዱ ሥር ሸሽጎ፣ "እሺ እሺ፣ አለቀ፣ ይኸው አለቀ" እያለ ያባብለዋል፤ ጫጩቱ ደረቱ ላይ ሲለቅበት ይስቃል። አንድ ጊዜ ዝንብ ግንባሯ ላይ ሲያርፍባት አይቶ፣ እጁ ቆሻሻ ስለሆነ በክርኑ ገፋላት። ፊታቸው ተቀራረበ።

"ከሻይ በኋላ" አላት በሹክሹክታ።

"ለሥራ ነው የጠራኋት ብለሃቸዋል።"

"እንድትመጪ ብዬ ነው። ሌላ ምን ልበል? ከሻይ በኋላ ሁሉም ይስተካከላል፤ እይኝማ፣ ብሮና፣ እይኝ።"

አየችው። ቅንድቡ ላይ የዓሣ ቅርፊት ተለጥፏል፤ ሆኖም ቆንጆ ነው። ከጀርባው ወይዘሮ ሆኖሪያ ቀና ብለው ሁለቱንም ሲመለከቱ አየች፤ ፊታቸው ላይ ቁጣ የለም፣ ምንም የለም። ያ ባዶ ፊት ከቁጣ ይበልጥ አስፈራት።

ሻዩ የተዘጋጀው ነፋሱ ከባሕር በሚመጣበት በኩል፣ ድንጋዩ ላይ ነው። ምንጣፍ ተነጠፈ፤ ፔርሙዝ፣ ሳንድዊች፣ ትልቅ የፍራፍሬ ኬክ ወጣ። ከዚያ ወይዘሮ ሆኖሪያ ከቅርጫቱ ውስጥ በጨርቅ የተጠቀለለ የብር ዋንጫ አወጡ፤ ፒርስም አጨበጨበ። ብሮና ምን እንደሆነ አላወቀችም። ኋላ ነገሩ ሲገባት ሳንድዊቹ አፏ ውስጥ ቀረ። ለካ በየዓመቱ በምልክት ቀን ከሁሉ ይበልጥ የገማው ሰው ይሸለማል! ዳኛዋ ወይዘሮ ሆኖሪያ ናቸው፤ መሣሪያቸው አፍንጫቸው ነው። ዋንጫው ላይ የአያት የቅድመ አያቶቻቸው ስም ተቀርጿል።

"ፒርስ፣ ቀረብ በል" አሉና ደረቱን አሸተቱት። "እፍፍፍ! ግሩም ነው! በጣም የሚያስጠላ!"

"አክስቴ፣ ጀርባዬንም፤ ጀርባዬንም አሽትቺኝ! አንገቴ ውስጥ ነው የገባው!"

"አምላኬ! አንተስ ሬሳ ሆነሃል። አላስተር፣ የኔ ልጅ፣ ና አንተ ደግሞ።" አላስተር እየሳቀ ተንበረከከላቸው። አሸተቱት፤ ዓይናቸውን ጨፍነው እንደ ሽቶ ሳቡት። "ኦ... ይኼ እንኳ አባትህን ያስታውሰኛል" አሉ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

ብሮና ተቀምጣ ታያለች። በሸርጣን ቤቱ በር በኩል ሲያልፉ መሐረብ አፍንጫቸው ላይ የሚያደርጉት እኚህ ሴትዮ ናቸው። መስኮት የከፈቱት እኚሁ ናቸው። አሁን ትውከት እያሸተቱ በፍቅር ያለቅሳሉ። ሳንድዊቹን ከአፏ አራቀች።

"ቆይ ቆይ፣ ይቺስ?" አለ ፒርስ ወደ ብሮና በሳንድዊቹ እየጠቆመ። "ከረጢቱን እኮ እሷ ናት የያዘችው። አክስቴ፣ እሷንም አሽትቻት እንጂ፤ ፍርድ ይስተካከል!"

ወይዘሮ ሆኖሪያ አልተነሡም። አፍንጫቸውንም ወደ እሷ አላስጠጉም። በጨዋ ደንብ ፈገግ አሉ። "አይሆንም ፒርስ። እሷን ማወዳደር ለእናንተ ፍትሕ አይሆንም።"

ፒርስ ሳቁ አመለጠው። ብሮና ወደ አላስተር ዞረች። አሁን፣ አሁን ይናገራል! ሻዩ አልቋል፤ ቦታው ይኸው፣ ሰዓቱ ይኸው። አላስተርም አፉን ከፈተ። ፊቱ ፈክቶ ነበር፤ የሚወዱትን ሰው ሊያወድሱ ሲሉ እንደሚሆነው።

"ልክ ነው" አለ። "እኛ አንድ ቀን ነው የምንገማው። ብሮና ለምዳዋለች።"

ዋንጫው ለፒርስ ተሰጠ። ሻይ ሞሉበትና ጠጡ። ብሮና ሳንድዊቹን አስቀምጣ፣ ተነሥታ፣ ወዴት እንደምትሄድ ሳታውቅ ከድንጋዩ ጀርባ ዞረች። የሸሸችው ከሽታው ቢሆን ኖሮ የት በደረሰች! ግን ያ ቃል ከኋላዋ ይከተላታል፤ ለምዳዋለች፣ ለምዳዋለች።

አላስተር ሮጦ ደረሰባት። "ብሮና! ምን ሆንሽ?"

"ምንም። ለምጄዋለሁ።"

"እሱ ነው እንዴ?" አለ ተገርሞ። "ሆዴ፣ አድናቆቴን መግለጤ እኮ ነው! እኛ አንድ ቀን የምንንጫጫበትን አንቺ ዓመቱን ሙሉ ትችይዋለሽ ማለቴ ነው። በልቤ ያሰብኩት እሱን ነው።"

"በአፍህስ ያልከው?"

"እሱኑ ነዋ!"

"አላስተር፣ እናትህ ፒርስን አሸተቱት፣ አንተን አሸተቱህ፣ ሳቁ፣ አለቀሱ፣ ዋንጫ ሰጡ። እኔን ግን አላሸተቱኝም፤ ሳያሸቱኝ ነው ያወቁት! ሳምንት ሙሉ ቆዳዬ እስኪላጥ የታጠብኩትን ሰው! የእናንተ ግማት ጨዋታ ነው፤ ነገ ታጥባችሁ ትስቁበታላችሁ። የእኔ ግን እንጀራዬ ነው፤ እንጀራዬ ለእናንተ ነውር ሆነባችሁ።"

"እናቴ እንደዚያ አላሰበችም።"

"መስኮቱን ለምን ከፈቱት ታዲያ?"

"የቱን መስኮት?"

"በፋሲካው ነዋ! ያን ሁሉ መስኮት!"

አላስተር አስታወሰ፤ ሲያስታውስ ፊቱ ላይ ታየ። "በርዶሽ መስሎኝ ነበር" አለ ቀስ ብሎ።

"አውቃለሁ። ለዚያ ነው የወደድኩህ።" ድምፇ ተሰበረ። "ክፉ ብትሆን ቀላል ነበር። ክፉ አይደለህም፤ አታይም ብቻ። ያንተ ሰዎች ሲያቆስሉኝ ሹራብ ይዘህ ትመጣለህ፤ ያቆሰሉኝን ግን አታይም። ዛሬ ደግሞ አንተው ራስህ አቆሰልከኝ፣ ያውም እየሳቅክ።"

"ምን ላድርግልሽ? ንገሪኝ፤ ያልሽውን አደርጋለሁ።"

"የማልከው ምን ነበር?"

አላስተር ጥርሱን ነከሰና "ነይ" አላት። እጇን ያዘ፤ እጁ ላይ ያለው ሁሉ እጇ ላይ ተጣበቀ፤ ግድ አልሰጣትም። እየጎተተ፣ እየተደነቃቀፈ፣ ድንጋዩን ዞሮ እናቱ ፊት አቆማት። የብሮና ልብ ደረቷን ሰብሮ ሊወጣ ደረሰ። ይቅር አለችው፤ ገና ሳይናገር ይቅር አለችው!

"እማዬ፣ ስሚኝ። ፒርስ፣ አንተም። እኔና ብሮና እንፋቀራለን። ሁለት ዓመት ሆነን። አገባታለሁ፤ ከዛሬ ጀምሮም ከማንም አልደብቅም!"

ፒርስ የሻይ ዋንጫውን እንደያዘ ደረቀ። ከታች፣ ጀልባው ላይ፣ ማላኪ ቀና ብሎ ቆመ፤ ነፋሱ ድምፁን ይወስደዋልና ምን እንደተባለ አይሰማም፣ የተያያዙትን እጆች ግን ያያል። ወፎቹ ይጮሃሉ። ወይዘሮ ሆኖሪያ ኬኩ ላይ ያሳረፉትን ቢላ አላነሡም።

"እርግጥ ነው፣ የኔ ልጅ" አሉ በለዘበ ድምፅ። "እንዲህ ያለውን ነገር ቀደም ብለህ ብትነግረኝ መልካም ነበር። አሁን ግን እጅህን እየው፤ እንዲህ ሆነህ ስለ ጋብቻ አይወራም። ሳሙናው ቅርጫቱ ውስጥ ነው። ታጠብና ና፤ ኬኩን ልቆርሰው ነው።"

ብሮና እጇን ጠበቅ አድርጎ እስኪይዛት ጠበቀች። "ቆይ እማዬ" እስኪል ጠበቀች። ሌላ ምንም አልፈለገችም፤ እነዚያን ሁለት ቃላት ብቻ።

"እሺ እማዬ" አለ አላስተር።

እጇን ለቀቀው። ከቅርጫቱ ሳሙናና ፎጣ አንሥቶ ወደ ውሃው ወረደ። ዳር ላይ ተንበረከከ። ጣት በጣት፣ ጥፍር በጥፍር፣ እስከ ክርኑ አረፋ አድርጎ ይፈትግ ጀመር። ይህን እጅ ብሮና ታውቀዋለች። ምሽት ምሽት ከሸርጣን ቤቱ ጀርባ ባለው ጠባብ መንገድ፣ ሰው በሌለበት፣ ሸርጣን የቦጨቀውን ጣቷን ሳትታጠብ ይዞ ወደ ከንፈሩ የሚወስደው ይኸው እጅ ነበር። "እንዲህ እንዳለሽ ነው የምወድሽ" ይላት ነበር። በጨለማ እንዲህ እንዳለች ይወዳታል፤ በቀን፣ ሰው ፊት፣ ብቻዋን አቁሟት ወርዶ ይታጠባል።

"አይዞሽ" አሉ ወይዘሮ ሆኖሪያ፣ ዝቅ ባለ፣ ደግ በሚመስል ድምፅ። "አትዘኚበት፤ ከልጅነቱ ጀምሮ እንዲህ ነው። ከባሕሩ ዳር የሞተ ነገር ባገኘ ቁጥር እቅፍ አድርጎ ይዞልኝ ይመጣ ነበር። አልቀብረውም፣ የኔ ነው፣ አብሮኝ ይተኛል ይላል። እኔ አልጣላውም። ታጠብ ብቻ እለዋለሁ፤ ሲታጠብ ይረሳዋል።"

ብሮና ወደ ውሃው ዳር አየች፤ አላስተር ጣቶቹን ወደ አፍንጫው አምጥቶ አሸተተ፣ ፊቱን ጨፈገገ፣ እንደገና ሳሙናውን አነሣ። ያን ጊዜ፣ ሸርጣን ቤት ውስጥ በበጋ ሙቀት፣ ሌላው ሁሉ በግማቱ ሲሸነፍ ያልተሸነፈችው ልጅ፣ ምንጣፉ ጫፍ ላይ ተንበርክካ ያላትን ሁሉ አስመለሰች።

"ኧረ ጉድ! ኬኩን አንሡት!" አለ ፒርስ።

አላስተር በሩጫ መጣ። ፎጣው ትከሻው ላይ ነው፤ እጆቹ ቀልተው ንጹሕ ሆነዋል፤ የሳሙናው ሽታ ቀድሞት ደረሰ። ጽጌረዳ ጽጌረዳ ይላል። "ብሮና! የኔ ፍቅር፣ ምን ሆንሽ? ይኸው ታጥቤያለሁ፣ ነይ፣ ያዢኝ" ብሎ ሁለቱንም እጆቹን ዘረጋላት።

ከትውከቱ፣ ከኩሱ፣ ከበሰበሱት ጫጩቶች ሁሉ ይህ የሳሙና ሽታ ባሰባት። አፏን በቀሚሷ እጅጌ ጠርጋ ብቻዋን ተነሣች።

"አትንካኝ።"

"ተናገርኩ እኮ! ቃሌን ጠበቅኩ!"

"ጠብቀሃል።"

"ታዲያ ምን አጠፋሁ? ቆሻሻ ነበር፣ ታጠብኩት፤ ይኼ ምን ኀጢአት አለው? በእጅ መታጠብ ሁለት ዓመታችን ይፈርሳል?"

"ብሮናን አገባለሁ ካልክ በኋላ መጀመሪያ ያደረግከው ምንድን ነው? ንገረኝ። እናትህ 'ታጠብ' ሲሉህ ማንን ነው የታጠብከው?"

አላስተር ወደ እጆቹ አየ። ገባው። ሲገባው ዓይኑ እንባ ሞላ። ብሮና ያንን እንባ ስታይ አንጀቷ ተላወሰ፤ አሁንም ትወደዋለች፣ ይህም ራሱ ሌላ ማቅለሽለሽ ሆነባት።

"ጠላሽኝ?" አላት።

"አልጠላሁህም አላስተር። ብጠላህ ይሻለኝ ነበር፤ ጥላቻ ይበርዳል።" ትንፋሿን ሰብስባ ጨረሰችው። "አስጠላኸኝ።"

ዞራ ወደ ጀልባው ወረደች። ጎጆዎቹን እያለፈች፣ ሰማያዊ ቀሚሷ ኩሱን እየጠረገ። ማንም አልጠራትም። ማላኪ ውሃ ውስጥ እስከ ጉልበቱ ገብቶ ጀልባውን ይዞላት ነበር፤ ብብቷን ይዞ አወጣት፣ ከጎኑ አስቀመጣት።

ማላኪ መታገሥ አልቻለም። "ተናገረ?"

"ተናገረ፣ አባዬ።"

"እናቱ ፊት?"

"እናቱ ፊት።"

ማላኪ ሊስቅ ሲል ፊቷን አየ። "እና?"

"እና ከዚያ እጁን ታጠበ።"

ማላኪ ሞተሩን ለማስነሣት ጎንበስ አለ፤ ገመዱን ሁለት ሦስቴ ስቶ ነው ያገኘው። የትልቁ ቤት ሰዎች ዋንጫቸውንና ቅርጫታቸውን ይዘው ወርደው ከፊት በኩል፣ ነፋሱ በሚመጣበት፣ ተርታውን ተቀመጡ። አላስተር ጥቂት ቆሞ ወደ ኋላ አየ። ከዚያ እናቱ ከጎናቸው ያለውን ቦታ በመዳፋቸው መታ መታ ሲያደርጉለት ሄዶ ተቀመጠ። ጀልባው ሰላጤውን አቋርጦ መንደር እስኪደርስ ብሮና የወደደችውን ሰው ጀርባ እያየች አለቀሰች፤ እሱም አንድ ጊዜ እንኳ አልዞረም።